የበረደው ማን ነው? ፈረስን በጋጣ ውስጥ ስለማልበስ

ታህሳስ ላይ በደብረ ብርሃን ንጋት፣ ጋቢ ተከናንቦ ከቤት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሳሩን ያነጣውን ውርጭ ነው። ቀጥሎ ጋጣው ውስጥ ከአፍንጫው እንፋሎት የሚወጣውን ፈረሱን ያያል። አንጀቱ ይላወሳል። «እኔ ጋቢ ደርቤ እንዲህ ከተንቀጠቀጥኩ፣ ይህ ምስኪን ራቁቱን እንዴት አደረ?» ይልና ብርድ ልብስ ፍለጋ ወደ ቤት ይመለሳል።

እኔም ተመልሼ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ፈረሴን በገዛሁበት ዓመት ነው። ሲሠራ ውሎ ላቡ ሳይደርቅ የገባውን ፈረስ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፤ ላዩን በላስቲክ ሸፈንኩት፤ እንዳይወድቅ ደግሞ በገመድ ሸብ አድርጌ አሰርኩትና ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስገልጠው ፀጉሩ እንደታጠበ ልብስ ረጥቦ ቆዳው ላይ ተለጥፏል። ገመዱ ያረፈበት የትከሻው ጉብታ ተልጧል። ብርድ ልብሱን ሳነሳው ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያዘንኩለት መስሎኝ የጎዳሁት እኔው ነበርኩ።

ይህ መመሪያ ያን ሌሊት እንዳይደግሙት የተጻፈ ነው። የሚመልሰውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ጋጣ ውስጥ የሚያድር ፈረስ ልብስ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ግላስ ሌላ፣ የጋጣ ልብስ ሌላ ነው። ግላስ ለክብርና ለጌጥ ነው፤ ለጥምቀት፣ ለሰርግ፣ ለጉግስ ይለበሳል፣ በዓሉ ሲያበቃ ይወልቃል። እዚህ የምናወራው ፈረሱ ሌሊቱን ለብሶት ስለሚያድረው ልብስ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ጤነኛ፣ ሥጋ ያለው፣ ፀጉሩ ያልተላጨ፣ ሰውነቱ የደረቀና ድርቆሽ የማይጎድለው ፈረስ፣ ጣሪያና የነፋስ ከለላ ባለው ጋጣ ውስጥ ልብስ አያስፈልገውም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ነው ማሰብ የሚጀመረው።

ፈረስ ራሱን የሚያሞቀው እንዴት ነው?

ፈረስ ብርድን የሚመክትባቸው ሦስት ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው ፀጉሩ ነው። ሲበርደው እያንዳንዱ ፀጉር ከሥሩ ይቆማል፤ በፀጉሮቹ መካከል የታመቀው አየር ሙቀቱን ይይዝለታል። ሁለተኛው ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ነው። ሦስተኛው ሆዱ ነው። ድርቆሽና ጭድ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፤ ፈረስ ምድጃውን ይዞ የሚዞር እንስሳ ነው ማለት ይቻላል።

ልብስ የመጀመሪያውን መከላከያ ይነካል። ከላይ ተጭኖ የቆመውን ፀጉር ያስተኛዋል። ወፍራም ልብስ ከሆነ ያስተኛውን ፀጉር ሥራ ራሱ ይሠራል። ስስ ነጠላ ጨርቅ ከሆነ ግን ፀጉሩንም አስተኝቶ ሙቀትም ሳይሰጥ ይቀራል። «ቢያንስ ቀጭን ነገር ጣል ላድርግበት» የሚለው ሐሳብ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በተለይ ለእኛ አገር ፈረስ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፈረስ ወፍራም የብርድ ጊዜ ፀጉር እንዲያበቅል ዋናው ምልክት የሚሆነው የቀን ማጠር ነው። በአውሮፓና በካናዳ ቀኑ በእጅጉ ስለሚያጥር የፈረሶቹ ፀጉር እንደ በግ ይበዛል። አዲስ አበባ ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ «የካናዳ ፈረስ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪን ይችላል» የሚል ነገር ሲሰሙ ለእርስዎ ፈረስ እንዳለ አይውሰዱት። በሌላ በኩል የደጋ ፈረስ ተወልዶ ያደገበትን ብርድ ለምዷል፤ ብርድ ባየ ቁጥርም አይታመምም። ፍርዱ በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚሰጠውም ፈረሱን በእጅ ዳስሶ ነው።

ደረጃ 1፦ ከፈረሱ በፊት ጋጣውን ያልብሱ

ልብስ ከመግዛትዎ በፊት ፀሐይ ከመውጣቷ አስቀድመው ጋጣው ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይቁሙና አራት ነገር ይመርምሩ።

ነፋስ። በፈረሱ ጎንና ሆድ ቁመት ላይ ቀዳዳ ወይም የተከፈተ ጎን ካለ ይድፈኑት። ከራሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ግን አይንኩ። ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ ጋጣውን እንደ ቆርቆሮ ምግብ ያሽገዋል። ያኔ ከሽንቱ የሚነሳው አሞኒያና የድርቆሹ አቧራ መውጫ ያጣና ሳንባውን ይጎዳል። ለመፈተን ጎንበስ ብለው ወለሉ አጠገብ ያሽትቱ። ዓይንዎን ካቃጠለዎት፣ እዚያው ተኝቶ የሚያድረውን ፈረስ የባሰ ያቃጥለዋል።

ወለል። እርጥብ ወለል ላይ የተኛ ፈረስ የሆዱን ሙቀት ለመሬቱ ይሰጣል። ፍጉንና የረጠበውን ጉዝጓዝ በየቀኑ ያውጡ፤ በደረቅ የገብስ ወይም የስንዴ ጭድ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል አድርገው ይጎዝጉዙ።

ጣሪያ። ቆርቆሮ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የፈረሱ ትንፋሽ እዚያ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጥና ሲነጋጋ ጀርባው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከቆርቆሮው ሥር ሳጠራ መወጠር ብዙ ይረዳል።

መንቀሳቀሻ። አንገቱ በአጭር ገመድ የታሰረ ፈረስ መዞርም መተኛትም አይችልም። ከነፋስ ሸሽቶ ጀርባውን እንዲያዞር ቦታ ይተዉለት።

ብዙ ጊዜ የልብሱ ጥያቄ እዚሁ ላይ ይመለሳል።

ደረጃ 2፦ ድርቆሹን ይመዝኑ

ፈረስ በቀን ከክብደቱ 1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። 220 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ ከ3.3 እስከ 4.4 ኪሎ ይሆናል። በብርዱ ወራት ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጉ፤ ከዚያም ቢያልፉ አይጎዳውም። የሚበዛውን ድርሻ ማታ ያቅርቡለት፤ ሌሊቱን እያኘከ እንዲያነጋ።

ገብስና ባቄላ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ የድርቆሽን ያህል ሌሊቱን ሙሉ አያሞቁም። በአንድ ጊዜ ብዙ ገብስ ከሰጡት ደግሞ የሆድ ቁርጠት ያስከትላል። ውሃውንም አይርሱ። በጣም የቀዘቀዘ ውሃ ሲሆን ፈረስ አጠጣጡን ይቀንሳል፤ ደረቅ መኖ እየበላ ውሃ ከቀነሰ ሆዱ ይደርቃል። በማለዳ ቅዝቃዜው የተሰበረ ውሃ መስጠት ከብርድ ልብስ የሚበልጥ ውለታ ነው።

ደረጃ 3፦ ፈረስዎ ከየትኛው ወገን ነው?

እነዚህ ልብስ የሚያስፈልጋቸው ወይም ሊያስፈልጋቸው የሚችሉ ናቸው፦

- ፀጉሩ የተላጨ ፈረስ። መከላከያውን የወሰዱበት እርስዎ ስለሆኑ መተካትም የእርስዎ ግዴታ ነው።
- የከሳ ፈረስ፤ በተለይ ከክረምቱ ሥራ ተጎድቶ የወጣ።
- ያረጀ፣ ጥርሱ አልቆ ድርቆሽ በሚገባ ማኘክ የማይችል።
- የታመመ ወይም ከሕመም የሚያገግም፣ እንዲሁም ደካማ ውርንጭላ።
- ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ በቅርቡ የመጣ። ሰውነቱ አዲሱን ብርድ ለመልመድ እስከ 3 ሳምንት ሊወስድበት ይችላል።
- ቀጭን ቆዳና አጭር ፀጉር ያለው፣ ከውጭ የመጣ የግልቢያ ፈረስ።

እነዚህ ደግሞ አያስፈልጋቸውም፦ ሥጋ ያለው፣ በሥራ ላይ ያለ፣ በደጋ ያደገ ጎልማሳ ፈረስና በቅሎ። የወፈረ ፈረስማ ብርዱ ትንሽ ስቡን ቢያቀልጥለት ይጠቅመዋል።

መክሳቱን በዓይን ብቻ አይፍረዱ፤ ፀጉር ይደብቃል። የግራ እጅዎን ጨብጠው በቀኝ ጣቶችዎ አንጓዎቹን ይዳስሱ። የፈረሱ ጎድን ሲዳሰስ እንደዚያ ከሆነ ከስቷል። አሁን የጨበጡትን እጅ ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ ይዳስሱ፤ አጥንቱ ይሰማል ግን አይወጋም። የጎድኑ ልክ ይህ ነው። መዳፍዎን ሲጫኑ እንደሚሰማዎት አጥንቱ ከጠፋ ፈረሱ ወፍሯል።

ደረጃ 4፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እጅዎን ይላኩ

የሌሊቱ ብርድ የሚከፋው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ወይም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚደረግ ምርመራ ብዙ አይነግርዎትም። ለ3 ተከታታይ ቀናት ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱና ይህን ያድርጉ።

መጀመሪያ ከሩቅ ይመልከቱት። ፀጉሩ ቆሞ ድርቆሹን የሚበላ ፈረስ ሰላም ነው፤ የቆመ ፀጉር መከላከያው እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ጭራውን በእግሮቹ መካከል ወትፎ፣ ራሱን ደፍቶ፣ መኖውን ትቶ ጥግ ይዞ የቆመ ፈረስ ግን በርዶታል ወይም ታሟል።

ቀጥሎ እጅዎን በብብትዎ ያሙቁና ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከብብቱ አጠገብ፣ በፀጉሩ ውስጥ እስከ ቆዳው ያስገቡ። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ በቂ ነው። ከቀዘቀዘ ደረቱንና ሽንጡን ይዳስሱ። እግሩን ነክተው አይፍረዱ፤ ከጉልበት በታች ያለው አብዛኛው አጥንትና ጅማት ስለሆነ ምንም ሳይሆን ሊቀዘቅዝ ይችላል።

የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይለኩ። የጤነኛ ፈረስ የፊንጢጣ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው፤ ልብስ ደርበው ከመጠበቅ ይልቅ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ጋጣው ውስጥም አንድ ቴርሞሜትር ይስቀሉ። ዕረፍት ላይ ያለ ፈረስ በአብዛኛው ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ ራሱን ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም ተጨማሪ ጉልበት አያወጣም። ከ5 በታች ሲወርድ ወዲያው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ከበላው ላይ ለሙቀት መክፈል ይጀምራል ማለት ነው። ሒሳቡ መጀመሪያ በድርቆሽ ይከፈላል። ድርቆሽ ጨምረውለትም በየሳምንቱ ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ሲለኩት እየቀነሰ ከሄደ፣ ያኔ የልብስ ተራ ነው።

ፈረሱ ራሱ ቢጠየቅ ምን ይል ይሆን? የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 23 ፈረሶች ሦስት የተለያዩ ሰሌዳዎችን በአፍንጫ እየነኩ እንዲመርጡ አስተማሩ፤ አንዱ «አልብሱኝ»፣ አንዱ «አውልቁልኝ»፣ ሦስተኛው «እንዳለሁ ተዉኝ» የሚል ነው። ሁሉም በ2 ሳምንት ውስጥ ተማሩ። ዝናብና ነፋስ ከብርድ ጋር ሲመጣ ልብስ ጠየቁ፤ አየሩ ጥሩ ሲሆን እንዲወልቅላቸው መረጡ። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ፈረስን የሚያስጨንቀው ደረቁ ብርድ ብቻውን ሳይሆን እርጥበትና ነፋስ የተደረበበት ብርድ ነው። ደረቅና ከነፋስ የተከለለ ጋጣ የሥራውን ግማሽ ጨርሷል።

ደረጃ 5፦ ከወሰኑ፣ ትክክለኛውን ልብስ ይምረጡ

ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ የመንዝ ባናም ሩቅ አይደለም። ሱፍ እርጥበትን ስቦ ሙቀቱን ስለማይለቅ ባና ለጋጣ ልብስ ተስማሚ ነው። ያረጀ ባና ካለዎት እጥፍ አድርገው ያሰፉት። ከቃጫ የተሠራ ጆንያም ለላብ ማድረቂያ ወደር የለውም። ላስቲክና ሸራ ግን ጋጣ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ የማዳበሪያ ከረጢትም እንደዚሁ። ላብን መውጫ ያሳጡታልና።

ልክ ሲወስዱ ሜትሩን ከደረቱ መሃል ጀምረው በጎኑ በኩል እስከ ታፋው መጨረሻ ይዘርጉ። ከውጭ የሚመጡ የፈረስ ልብሶች በአብዛኛው ለትልልቅ ፈረሶች የተሰፉ ናቸው፤ በእኛ ፈረስ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተቱና የትከሻውን ጉብታ ይፈገፍጋሉ። ገጣባ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ኮርቻ ያላቆሰለውን ጀርባ ልብስ ሊያቆስለው ይችላል።

ማሰሪያው ገመድ አይሁን፤ አራት ጣት የሚሰፋ የጥጥ መቀነቻ ይሁን። በመቀነቻውና በሆዱ መካከል የተዘረጋ እጅዎ ማለፍ አለበት። በትከሻውም ላይ እንዲሁ። እጅዎ ካላለፈ ጠብቋል፤ ጡጫዎ እንደ ልብ ከዞረ ደግሞ ላልቷልና እግሩ ሊገባበት ይችላል።

ደረጃ 6፦ ማልበስና ማውለቅ

ፈረሱን የሚይዝ ሰው ይኑር። ፈረሱ ልብሱን አሽትቶ ይመነው፤ ከዚያ በግራ በኩል ቆመው ከትከሻው ጉብታ ትንሽ ወደ ፊት ያኑሩትና ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ይሳቡት። ወደ ፊት አይጎትቱት፤ ፀጉሩን ያንጨባርረዋል። መጀመሪያ የደረቱን፣ ቀጥሎ የሆዱን፣ በመጨረሻ የኋላውን ማሰሪያ ይሰሩ። ሲያወልቁ ከኋላው ይጀምሩ።

በደጋ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ማታ ሳይሆን ጠዋት ነው። ሌሊት ዜሮ አካባቢ የነበረው አየር እኩለ ቀን ላይ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ማታ አልብሰው ሥራ የሄዱ ባለቤት ሲመለሱ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ሲያልበው ውሏል፤ ማታ ብርዱ ሲመለስ እርጥብ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ የሚያወልቅለት ሰው ከሌለ፣ ማታ አያልብሱት።

ባወለቁ ቁጥር ጀርባውን ይቦርሹ፤ ትከሻውን፣ ደረቱንና መቀነቻው ያረፈበትን በእጅዎ ይፈትሹ። ከልብሱ ሥር ያለው ቆዳ እርጥብ ወይም ትኩስ ከሆነ ልብሱ በዝቷል። ልብሱንም ፀሐይ ላይ ያስጡት። ለሳምንታት ሲለብስ የቆየን ፈረስ ደግሞ በአንድ ሌሊት አያራቁቱት፤ ብርዱ ሲቀል ቀስ በቀስ ያስተዉት።

ላብ ያጠመቀው ፈረስ

ጥር 23 በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ ሲጋልብ የዋለ ፈረስ ማታ ወደ ጥር ብርድ ይመለሳል። የጋሪ ፈረስም ዕጣው ይኸው ነው። እርጥብ ፀጉር አየር አይዝም፤ ስለዚህ ጤነኛውም ፈረስ በዚህ ሰዓት እርዳታ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ትንፋሹ እስኪረጋ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀስ አድርገው ያንሸራሽሩት። በእፍኝ ደረቅ ጭድ ሰውነቱን አጥብቀው ያሹት። ከዚያ ጀርባው ላይ ጭድ ሳሳ አድርገው በትነው ከላይ ጆንያ ያልብሱት። ጭዱ በጆንያውና በቆዳው መካከል አየር ያስገባል፤ ላቡ በእንፋሎት ወጥቶ ጆንያው ላይ ሲቀር በእጅዎ ይሰማዎታል። ጀርባው ሲደርቅ የረጠበውን ጆንያና ጭዱን ያንሱ። ያ እርጥብ ጆንያ ላዩ ላይ ካደረ ግን ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ነው።

አንድ ፈረስ፣ አንድ ልብስ

ልብስ መዋዋስ በሽታ መዋዋስ ነው። ጭርት፣ እከክና ቅማል በልብስና በብሩሽ ይተላለፋሉ። በከተሞቻችን የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው ኢፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለው የፈንገስ በሽታም ቁስል ባለው ቆዳና በጋራ በሚያገለግል ዕቃ በኩል ይዛመታል። በቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው የሚወጡና የሚፈነዱ እባጮች ካዩ፣ የዚያን ፈረስ ልብስ ለሌላ አያልብሱ፤ ሐኪም ያማክሩ። እያንዳንዱን ልብስ በቀለም ክር ምልክት ቢያደርጉበት ፈረስ ጠባቂው አይሳሳትም።

ፍርዱ

ሁሉንም በአጭሩ እንሰብስበው። ጋጣው ደረቅና ከነፋስ የተከለለ፣ መኖው የበቃ፣ ፈረሱ ሥጋ ያለው ከሆነ አያልብሱ። የከሳ፣ ያረጀ፣ የተላጨ፣ የታመመ ወይም ብርዱን ያልለመደ ከሆነ፣ ጠዋት የሚያወልቅ ሰው መኖሩን አረጋግጠው ያልብሱ። እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ያድርቁት። ከተጠራጠሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሄደው በእጅዎ ይጠይቁት።

የበረደዎት እርስዎ ከሆኑ ጋቢዎን ይደርቡ። ለፈረሱ ግን አስቀድመው አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይጨምሩለት።